ሦስት ዓመት የጠበቀ አልበም፦ የሮበርታ ፍላክ «ፈርስት ቴክ»

የአሜሪካዊቷ ድምፃዊትና ፒያኖ ተጫዋች የሮበርታ ፍላክ የመጀመሪያ አልበም «ፈርስት ቴክ» ኒው ዮርክ በሚገኘው የአትላንቲክ ስቱዲዮ ውስጥ ፌብሩዋሪ 1969 ተቀረጸ፤ ጁን ላይ ገበያ ወጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካው የሙዚቃ መጽሔት በቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ የሆነው ግን ኤፕሪል 29 ቀን 1972 ነው። በመካከሉ ድምፃዊቷ በብቻዋ ሁለት ሌሎች አልበሞች ሠርታ ጨርሳለች። በአዲሶቹ ሥራዎቿ ላይ ተሻግሮ የድሮው ሥራ ከመደርደሪያ ወርዶ አንደኛ መውጣቱ በሙዚቃ ገበያ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አይደለም።

ስለዚህ አልበም ሲወራ ሁልጊዜ የሚነገረው «ተዋናዩ ክሊንት ኢስትውድ አንዱን ዘፈኗን ፊልም ውስጥ አስገባውና ታወቀች» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሬዲዮ ሦስት ዓመት ሙሉ ያላደረገውን ፊልም በአንድ ትዕይንት ለምን አደረገው? እኔ መልሱን የማገኘው በዝምታ ውስጥ ነው። ይህ አልበም ሰው ዝም ብሎ በሚያዳምጥበት ክፍል በስሎ፣ ሰው ዝም በሚልበት ሌላ ክፍል ውስጥ የተገኘ ሥራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ባለቤት ያጣበት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ካፒቶል ሂል ሰፈር፣ «ሚስተር ሄንሪስ» የሚባለው ምግብና መጠጥ ቤት ፎቅ ነው። ሮበርታ በ1937 በሰሜን ካሮላይና፣ ብላክ ማውንቴን ተወልዳ ያደገችው እዚያው ዲሲ አጠገብ፣ ቨርጂኒያ አርሊንግተን ነው። እናቷ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወቱ ነበር። በ15 ዓመቷ በነጻ የትምህርት ዕድል ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ዛሬ በዩ ጎዳና በኩል የአማርኛ ታፔላ እያነበቡ ወደ ላይ የሚወጡበት ሃዋርድ ማለት ነው። በ19 ዓመቷ ተመርቃ አስተማሪ ሆነች። በዲሲ ትምህርት ቤቶች ቀን እያስተማረች፣ ማታ ማታ ምግብ ቤት ውስጥ ኦፔራ ለሚዘፍኑ ሰዎች ፒያኖ ታጅብ ነበር። የራሷን ዘፈን ይዛ የቆመችው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚስተር ሄንሪስ ባለቤት ሄንሪ ያፌ ለእሷ ብሎ ፎቁን አሠራው። ከፈረሰው ዶጅ ሆቴል የተነቀለ ኦክ የሚባል ጠንካራ እንጨት ግድግዳው ላይ ተለበደ፤ ከባድና በጨርቅ የተሸፈኑ ወንበሮች ገቡ፤ ድምፅ ማጉያው ለእሷ ታስቦ ተተከለ። ይህ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ወንበሩ ፕላስቲክ የሆነ ቤት ድምፅ ያንጸባርቃል፤ የብርጭቆው ኳኳታ ይጨምራል፤ ሰው የጎረቤቱን ወሬ ለመስማት ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ሌላውም ከእሱ በላይ ከፍ ያደርጋል፤ መጨረሻ ላይ ዘፋኙ መጮህ አለበት። ጨርቅና የሰው ልብስ ግን ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል። ክፍሉ ሲረጋ ወሬው ራሱ ይቀንሳል፤ በዝግታ የተጀመረ ቃል የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይደርሳል። የሮበርታ ድምፅ በባሕርዩ የሚገፋ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ቤት ባታገኝ ኖሮ የአዘፋፈን ስልቷ ወይ ይለወጥ ነበር ወይ ሳይሰማ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ፒያኒስቱና ድምፃዊው ሌስ ማካን በ1968 እዚያ ሰምቷት ወደ ሙዚቃ አሳታሚው ድርጅት አትላንቲክ ወሰዳት። ለፕሮዲዩሰሩ ጆል ዶርን በፈተና መልክ ስትጫወት በሦስት ሰዓት ውስጥ 42 ዘፈን ተጫወተች። ያን ዓመት ኖቬምበር ላይ ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 39 ዘፈን ለናሙና ተቀዳ። አልበሙም በ10 ሰዓት ያህል እንዳለቀ ይነገራል። ስሙ ራሱ «የመጀመሪያው ቅጂ» ማለት ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ሳይደገም የተያዘ። ይህን የሚሰማ ወጣት ሙዚቀኛ «በአንድ ቅጂ መጨረስ» የተሰጥዖ ምልክት ይመስለዋል። አይደለም። በሳምንት ለበርካታ ማታዎች፣ ዓመታት ሙሉ፣ ያንኑ ዘፈን ለተመሳሳይ ሰው ስትጫወት ቆይታ የቱ ቃል ላይ ሰው ትንፋሹን እንደሚይዝ አውቃ ነው ስቱዲዮ የገባችው። ሥራው ያለቀው ካፒቶል ሂል ላይ ነው፤ ኒው ዮርክ ላይ ተቀዳ ብቻ።

ስቱዲዮ ውስጥ የጠበቋት ሰዎች የክለብ ጓደኞቿ አልነበሩም። ቤዝ ሮን ካርተር ነው፤ ከጃዝ ትራምፔተኛው ማይልስ ዴቪስ ጋር አምስት ዓመት ያህል ሠርቶ ገና መለያየቱ ነበር። ጊታር በኪ ፒዛሬሊ፣ ድራም ሬይ ሉካስ፤ በነፋስ መሣሪያዎች በኩል ፍራንክ ዌስና ሴልደን ፓወል ሳክስ፣ ጆ ኒውማንና ጂሚ ኖቲንግሃም ትራምፔት፣ ቤኒ ፓወል ትሮምቦን። የቫዮሊኖቹን ክፍል ያቀናበረው ዊሊያም ፊሸር ነው። በእንዲህ ያለ ስብስብ የተለመደው ጥፋት ሁሉም ጎበዝ ስለሆነ ሁሉም መናገሩ ነው። እዚህ ግን ፒያኖው ላይ የተቀመጠችው ዘፋኟ ራሷ ናት፤ ፍጥነቱን የምትወስነው፣ የምትቆመው፣ የምትቀጥለው እሷ ናት። ሮን ካርተር የግራ እጇን እየሰማ በመካከል የቀረውን ባዶ ቦታ ብቻ ይይዛል። አልበሙን ሙሉ ቤዙን ብቻ ተከትሎ አንድ ጊዜ ማዳመጥ ዋጋ አለው፤ የማይጫወትባቸውን ቦታዎች ይቁጠሩ።

የመጀመሪያው ዘፈን «ኮምፔርድ ቱ ዋት» የሚጀምረው በዚያው ቤዝ ነው። ድራሙ ይከተላል፣ ፒያኖው ይገባል፣ የነፋስ መሣሪያዎቹ ቆየት ብለው አጫጭር ምት ይመታሉ። የጻፈው ጂን ማክዳንየልስ ነው፤ የቬትናምን ጦርነት፣ ፕሬዚዳንቱን፣ ግብዝነትን በግልጽ የሚወቅስ ግጥም ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሌስ ማካንና ኤዲ ሃሪስ በዚያው ጁን 1969 ስዊዘርላንድ፣ ሞንትሮ ላይ በመድረክ የተጫወቱትን ነው። ማካን ይጮኻል፣ ሕዝቡም አብሮት ይጮኻል፤ ደስ የሚል ቅጂ ነው። ሮበርታ ግን ያንኑ ስድብ ጥርሷን ነክሳ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ታወጣዋለች። ለእኔ የሚከብደው ይሄኛው ነው፤ የተቆጣ ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰማዋል።

ሁለተኛው ዘፈን በስፓኒሽ ነው፤ «አንሄሊቶስ ኔግሮስ»፣ ሰባት ደቂቃ ሊሞላ አራት ሰከንድ የቀረው። ግጥሙ የቬኔዙዌላው ባለቅኔ አንድሬስ ኤሎይ ብላንኮ ነው፤ ዜማው የሜክሲኳዊው ማኑዌል አልቫሬስ ማሲስቴ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ መላእክት የሚስለውን ሠዓሊ ይጠይቃል፦ ይህን ያህል መልአክ ስትስል ጥቁር መልአክ መሳል እንዴት ረሳህ? ጥቁር አሜሪካዊት በ1969 ይህን ጥያቄ በባዕድ ቋንቋ፣ በቫዮሊን ታጅባ ስታቀርብ፣ አሜሪካ ውስጥ ጥያቄው ምን ያህል መልስ አልባ እንደነበር ይሰማል። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ አንባቢ ደግሞ ዘፈኑን በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። እነዚያ ዓይናማ የጠይም ፊቶች በክንፋቸው ተደርድረው ከላይ ሲያዩን ጥያቄው ለእኛ የተመለሰው ብላንኮ ከመወለዱ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ስፓኒሽ የማያውቅ ሰው ይህን ዘፈን ሊያልፈው ይሞክራል። አይለፉት፤ የግጥሙን ትርጉም አንድ ጊዜ አንብበው ይመለሱ።

ቀጥሎ ከሚመጡት ሁለቱ ላይ የድምፃዊውና የዜማ ደራሲው የዶኒ ሃታዌይ እጅ አለበት፦ «አወር ኤጅስ ኦር አወር ኸርትስ» ከሮበርት አየርስ ጋር፣ «ትራይን ታይምስ» ከሊሮይ ሃትሰን ጋር። ሃታዌይም ሃትሰንም የሃዋርድ ተማሪዎች ነበሩ። በኋላ ሮበርታና ዶኒ አብረው የሠሩት ሁሉ ሥሩ እዚህ ነው። «አይ ቶልድ ጂሰስ» የቆየ መዝሙር ነው፤ ስሜን ብትለውጠው ፈቃዴ ነው ይላል ለጌታ፤ እሷም እንደ ጸሎት ቀስ ብላ ታወርደዋለች። የሸክላው ሁለተኛ ገጽ የሚከፈተው በሌናርድ ኮኸን የስንብት ዘፈን ነው፤ ጥሩ ነው፣ ግን ከአልበሙ ሁሉ እኔን እምብዛም የማይዘኝ እሱ ነው።

ከዚያ «ዘ ፈርስት ታይም ኤቨር አይ ሶው ዩር ፌስ» ይመጣል።

ኢዋን ማኮል ይህን ዘፈን በ1957 ለፔጊ ሲገር ጻፈላት። እንግሊዛዊ የባህል ዘፋኝ ነበር፤ እነሱ ዘንድ ዘፈኑ በጊታር የሚታጀብ፣ ከሦስት ደቂቃ በታች የሚያልቅ፣ ፈጠን ያለ ነው። አዝማች የለውም። ሦስት ስንኞች ብቻ ናቸው፤ የመጀመሪያው ፊትን ማየት፣ ሁለተኛው መሳም፣ ሦስተኛው አብሮ መተኛት። ሮበርታ ዘፈኑን ያወቀችው ከሌሎች ዘፋኞች ቅጂ ሲሆን አስተማሪ በነበረችበት ጊዜ ለልጃገረዶች መዘምራን አስተምራዋለች። በአልበሙ ላይ 5 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ይወስዳል። መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን መስመር ከመድገሟ በቀር አዲስ ስንኝ አልጨመረችም፤ በዋናነት የጨመረችው ጊዜ ነው። ጊታሩ፣ ቤዙና ፒያኖው አንድ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ነክተው ይለቁትና እስኪርቅ ይጠብቃሉ፤ ቃሉ የሚገባው የቀደመው ድምፅ ሊጠፋ ሲል ነው። ትዝታ ሲዘፈን የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ ድምፃዊው «ትዝታ» ብሎ ቆም ሲል ክራሩ ብቻውን የሚቀርባትን ያችን ቦታ ያውቃታል።

የ1969 ሬዲዮ ግን ለዚህ ቦታ አልነበረውም። ነጠላ ዜማ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነበር፤ አስተዋዋቂው በመግቢያው ላይ ያወራል፤ አድማጩ መኪና ይነዳል። ሞተር እየጮኸ፣ በአንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ፣ ይህ ዘፈን ባዶ ይመስላል፤ ጸጥ ያለው ክፍል ሁሉ በመንገዱ ጫጫታ ይዋጣል። ስለዚህ አልበሙ ጃዝና ሶል (ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር የወጣውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) በሚከታተሉ ሰዎች እጅ ቆየ እንጂ አልተስፋፋም።

ኢስትውድ ዘፈኑን መኪናው ውስጥ በሬዲዮ ሰማው። የመጀመሪያ ፊልሙን ዳይሬክት ሊያደርግ ሲዘጋጅ ነበር፤ ስለ አንድ የሬዲዮ አቅራቢ የሚያወራው «ፕሌይ ሚስቲ ፎር ሚ»። ቤቷ ደውሎ ጠየቃት፤ በ2,000 ዶላር ተስማሙ። እሷ በኋላ እንደተናገረችው፣ በጣም ስለሚዘገይ እንደገና ልቅዳው ብትለው እሱ አይዘገይም ብሎ እንዳለ ወሰደው። ይህን ሳስብ ሁሌም እደነቃለሁ፤ የዘፈኑን ትልቁን ነገር ባለቤቷ እንደ ጉድለት ስታየው ነበር። ፊልሙ በ1971 ሲወጣ ዘፈኑ ያለ ንግግር በሚሄድ የፍቅር ትዕይንት ላይ ተሰማ። ሲኒማ ቤት ጨለማ ነው፤ ወንበሩ በጨርቅ የተሸፈነ ነው፤ ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ድምፅ ማጉያው ትልቅ ነው። የሚስተር ሄንሪስ ፎቅ በየከተማው ተከፈተ ማለት ይቻላል።

ሕዝቡ መጠየቅ ጀመረ፤ አትላንቲክ አንድ ደቂቃ ያህል ቆርጦ በ1972 ነጠላ ዜማ አድርጎ አወጣው። ከኤፕሪል 15 ጀምሮ ስድስት ሳምንት አንደኛ ቆየ፤ ቢልቦርድም የዓመቱ አንደኛ ዘፈን አለው። አልበሙ ተከትሎት አምስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። በ1973 የግራሚ ሥነ ሥርዓት የዓመቱ ቅጂ ሽልማት ለእሷ፣ የዓመቱ ዘፈን ሽልማት ለማኮል ተሰጠ። በማግሥቱ ዓመት በሌላ ዘፈን የዓመቱ ቅጂ ሽልማትን ደገመች፤ በተከታታይ ሁለት ዓመት ይህን ያገኘ ከእሷ በፊት አልነበረም።

ሁሉም ግን አልወደዳትም። ሶል ማለት ላብ፣ ጩኸት፣ መንበርከክ ነው ብለው ለሚያስቡ ተቺዎች ሮበርታ የቀዘቀዘች፣ ከልክ በላይ የታረመች መሰለቻቸው። ከሶል ዘፋኟ ከአሬታ ፍራንክሊን ጋር እያነጻጸሩ ጎደላት አሉ። ስህተታቸው የጥቁር አሜሪካ ቤተ ክርስቲያን አንድ ዓይነት ድምፅ ብቻ ያለው መስሏቸው ነው። ሮበርታ ያደገችው በሜቶዲስት ጽዮን ቤተ ክርስቲያን፣ መዝሙር ከመጽሐፍ በሚነበብበት፣ ረጋ ባለ ሥርዓት ውስጥ ነው፤ የባፕቲስቶቹን የጋለ መዝሙር ለመስማት ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ትሄድ ነበር። ሁለቱንም ታውቃለች፤ የመረጠችው የልጅነቷን ነው። ዝግታውም ከዚያው፣ ከኦርጋኑ ጎን የመጣ ነው።

አሁን ማዳመጥ ለሚፈልግ። መጀመሪያ የ«ዘ ፈርስት ታይም ኤቨር አይ ሶው ዩር ፌስ»ን ርዝመት ይዩ። በየስብስቡ ውስጥ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የተቆረጠው የነጠላ ዜማ ቅጂ ነው፤ 5፡22 ካልሆነ የአልበሙ አይደለም። በስልክ የሚያዳምጡ ከሆነ ዘፈኖችን የሚያቀያይረውንና አንዱን ዘፈን በሌላው ላይ እየደረበ የሚያሸጋግረውን ምርጫ ያጥፉ፤ ሁለተኛው እነዚያን የመጨረሻ ሰከንዶች ይበላቸዋል። የድምፁን ከፍታ የሚወስኑት በጣም ዝቅ ካለው ቦታ ነው እንጂ ከ«ኮምፔርድ ቱ ዋት» የነፋስ መሣሪያዎች አይደለም።

በሸክላ ለሚያዳምጥ ችግሩ ሌላ ነው። አልበሙ 46 ደቂቃ ያህል ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ከ24 ደቂቃ በላይ፣ ሁለተኛው ወደ 22። ገጹ ሲረዝም መስመሮቹ ይጠጋጋሉ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ ይቆረጣል፣ አቧራና ጭረት ጎልቶ ይሰማል፤ ጸጥታ ለበዛበት ሙዚቃ ይህ ከባድ ነው። ሸክላው ከመጫወቱ በፊት በካርቦን ብሩሽ ይጠረግ፤ የቆሸሸ ከሆነ ይታጠብ። በተጨማሪም ሸክላ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ ሲዞር በውጪው ጠርዝ መርፌው ሥር በሰከንድ 50 ሴንቲሜትር ያህል ያልፋል፤ ወደ መሃል ሲቀርብ 20 ገደማ ይሆናል። ያው ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ርዝመት ላይ ይታጨቃል። በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ የሰባት ደቂቃው «ባላድ ኦቭ ዘ ሳድ ያንግ ሜን» ነው፤ በየመሸታ ቤቱ ወጣትነታቸውን ለሚጨርሱ ሰዎች የተዘፈነ፣ «ስ» የበዛበት ግጥም። «ስ»ዋ «ሽ» መምሰል ከጀመረች መርፌው በትክክል አልተተከለም ወይም ክብደቱ አንሷል። ለመርፌው የተጻፈውን ክብደት ያንብቡ፤ ብዙዎቹ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ናቸው። ሸክላውን ለማዳን ብሎ ክብደት መቀነስ የተለመደ ስህተት ነው፤ የቀለለ መርፌ እየዘለለ መስመሩን የባሰ ይጎዳዋል።

ለሚጫወተው ደግሞ። ፒያኖ እየመታ የሚዘፍን ሰው ዝግተኛ ዘፈን ላይ የሚወድቅባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። አንደኛው መፍጠን ነው፤ ባዶው ቦታ ያስፈራል፣ እጅ ቀድሞ ይሄዳል። ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በደቂቃ በ60 ምት ይጀምሩ፤ ሲለምድ በ30 ያድርጉት፤ ከዚያ በአራት ምት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመታ ያድርጉ። በመሃል ያሉትን ሦስት ምቶች በውስጥዎ መቁጠር ካልቻሉ ዘፈኑ ገና ነው። ሁለተኛው፣ ትንፋሽና እጅ አብረው መጠንከራቸው ነው፤ ድምፅ ከፍ ሲል ጣት ሳይታዘዝ ይከብዳል። ኮርዱን ብቻ ሳይዘፍኑ በአንድ ዓይነት ልስላሴ ይቅዱት፤ ከዚያ እየዘፈኑ ይቅዱትና ያነጻጽሩ። ሦስተኛው ግራ እጅ ነው። ቤዝ የሚጫወት ሰው ካለ የታችኛውን ኖታ ለእሱ ይተዉለት፤ ሁለት ሰው አንድ ዝቅ ያለ ኖታ በትንሽ ልዩነት ሲነካ ድምፁ ይጨቀያል። ፔዳሉን በየኮርዱ ለውጥ ያንሱ፤ አዲሱን ኮርድ ከነኩ በኋላ መልሰው ይጫኑ፤ አብረው ከጫኑት የቀድሞው ኮርድ ይጎተታል።

ማይኩን ከአፍ 15 ሴንቲሜትር ያህል ያርቁት፤ ከዚያ ቢቀርብ ትንፋሹ ይጎላል፣ ቢርቅ ፒያኖው ይገባበታል። በስንኝና በስንኝ መካከል ያለውን ቦታ በቀኝ እጅ ጌጥ አይሙሉት። ኮርዱን ነክተው ይጠብቁ፤ የፒያኖው ድምፅ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ብቻ ቀጣዩን ቃል ያምጡ።